ባሌ፣ የጄት ሞተሩና እሷ

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ ይጠራል። ባሌ ነጠላውን እንኳ ሳያጣጥፍ ወደ ጓሮ ይወጣና ከማንጎው ሥር ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል፤ ይስቃል፤ ጉልበቱን ይመታል። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አየዋለሁ። ከእኔ ጋር ስቆ አያውቅም ብል እግዜር ይታዘበኛል፤ ግን ጡረታ ወጥቶ መርሳ ከገባ ወዲህ ለእኔ የደረሰኝ ሳቅ ከማንጎው ሥር የተረፈው ብቻ ነው።

የምትደውልለት ሴት ናት፤ የድሮ የሥራ ባልደረባው። ስሟን መጥራት ስለማልወድ "እሷ" እላት ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ልበላት።

ባሌ የጄት ሞተር ጠጋኝ ነበር። ወጣት አብራሪዎች የሚማሩባቸው፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ለቀላል ውጊያ የሚነሱ ትንንሽ የጦር አውሮፕላኖች አሉ፤ የእነሱን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሥራው ደብረ ዘይት፣ እኔ መርሳ። የልብስ ስፌት ቤቴ እዚህ፣ የታመመች እናቴ እዚህ፣ ልጆቹ እዚህ ትምህርት ቤት። የዓመት ፈቃዱ ሲደርስ ይመጣል፤ ትንሽ ሰንብቶ ይሄዳል። ትዳራችን እንዲህ በመምጣትና በመሄድ አረጀ።

ሲመጣ ጣቱ ባዶ ነው፤ ቀለበቱን አያደርግም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት በዚህ ነገር አኩርፌው ሰነበትኩ።

"ቀለበት እዚያ ክልክል ነው" አለኝ። "ሞተሩ ሲሠራ አየር ይስባል፤ አጠገቡ ያገኘውን ይውጣል። ብሎን ትሁን፣ ጠጠር ትሁን፣ ቀለበት ትሁን፣ አንዷ ከገባች ውስጡን ትፈጀዋለች።"

"እዚህስ? መርሳ ላይ የሚውጥህ ምን አለ?" ብለው ሳቀ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ስጠይቀው "የሥራ ምስጢር ነው" ይለኛል። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ምስጢር ሲባል አከብራለሁ። ያን ምስጢር አብራው የምትጠብቅ ሌላ ሴት እንዳለች ያወቅኩት ግን ጡረታ ወጥቶ የእሑዱ ስልክ ሲጀምር ነው።

ጡረታ ሲወጣ፣ አሁን ገና የእኔ ሆነ ብዬ ነበር። የመጣልኝ ግን ሥጋው ነው። ጠዋት ይወጣል፤ ግራና በምትባለው ጎረቤት ከተማ ያሉ ሽንኩርት አምራቾች የውሃ ፓምፕ ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እሱን ነው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለስና ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። አዋራዋለሁ፤ "እ" ይላል። የቀኑን ወሬ እነግረዋለሁ፤ "ጥሩ ነው" ይላል። አንድ ቀን "እህቴ ወድቃ እጇ ተሰበረ" ብለው "ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለኝ። የያዝኩትን ማማሰያ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝ።

ለእሷ ግን እንዲህ አይደለም። የምትለውን ሁሉ ይሰማል፤ ለእያንዳንዱ ይመልሳል። በመስኮት የሚደርሰኝ "ፋን"፣ "ተርባይን"፣ "ብሌዷን በጥፍርሽ ዳስሰሻታል?" የሚል ነገር ነው። ብሌድ ምን እንደሆነ አላውቅም። በጥፍር የምትዳሰስ ነገር መሆኗ ብቻ ቆሽቴን አሳረረው።

አንድ እሑድ ለዶሮዎቹ ጥሬ ልበትን ወጥቼ የእሷን ድምፅ ሰማሁት። ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር።

"አንተ! ያን ድምፅ እስካሁን ታስታውሰዋለህ?" አለችው።

አንተ! ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ። በእኛ አገር በዕድሜ የሚበልጣትን ወንድ፣ ያውም የሰው ባል፣ አንተ የምትል ሴት ወይ እህቱ ናት ወይ ሚስቱ። እህቱ አይደለችም። ጥሬውን ባንድ ቦታ ዘርግፌው ገባሁ።

ከስፌት ቤቴ ጎን ጫማ የምትሸጠው ጎረቤቴ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "ሴትዮዋ አግብታለች?" ብላ ነው።

"አላውቅም።"

"ጠይቂዋ እሱን!"

"ጠይቄው 'አላገባችም' ቢለኝስ?"

ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ያን ጊዜ አካባቢ ወልድያ ላለ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ ከአገልግሎት የወጣ የማሰልጠኛ ጄት ሞተር ለመማሪያ ተሰጠው። ውስጡ ለተማሪዎች እንዲታይ ገላውን በጎን መቁረጥ፣ ክፍሎቹን ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ሥራውን እንድትመራ የተላከችው እሷ ሆና አረፈች። አጋዥ ይሁነኝ ያለችውም የእኔን ባል።

በሚሄድበት ጠዋት ጢሙን ተላጨ፤ ለበዓል የሰፋሁለትን ሸሚዝ ለበሰ። እኔም ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወልድያ፣ ጨርቅ ልገዛ።"

ጨርቅ የማመጣው ከደሴ እንደሆነ ያውቃል። በሩን ዘጋና ተከተለኝ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ የምርምር ማዕከሉን ሠራተኞች ሊያወርድ ቆመ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ረዳቱ ከላይ የታሰረ ጆንያ ሲፈታ፣ ከሰማይ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ከጦርነቱ ወዲህ እኛ አገር ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ወሬውን ያቋርጣል። ሁሉም አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት አማተቡ። ድሮ ለፈቃድ ሲመጣ እኮ ባሌ ድምፁን ብቻ ሰምቶ "የመንገደኛ ነው፣ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ አይዟችሁ" ይል ነበር። ያን ቀን ቀና እንኳ አላለም። ጉልበቱን እያየ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

ልቡ ወልድያ ደርሷል አልኩ በሆዴ።

ወርክሾፑ በር ላይ ተቀበለችን። እኔ በሐሳቤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሯን የተቀባች ሴት ስዬ ነበር። ያገኘኋት አጭር፣ ሞላ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የሥራ ቱታዋ ዘይት የጠጣ ሴት ናት። ከሻሿ ሥር ሽበቷ ይታያል። ቆንጆ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የቁንጅና ነገር ይታወቃል፤ ዕድሜ ይወስደዋል። ይቺ ግን ባሌን የያዘችው በመልኳ ካልሆነ በምንድን ነው?

"አንተ! ምነው ከሳህ!" አለችውና ትከሻውን መታችው። ወደ እኔ ዞራ እጅ ነሳች። "እትዬ፣ እንደምን አሉ? ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራኛል።"

ባሌን አንተ፣ እኔን እርስዎ! እኩያሞች ነን ብዬ ብምል ሐሰት አይሆንብኝም። ጥርሴን ገለፍጬ ሳምኳት።

ሞተሩ በብረት አልጋ ላይ ተጋድሟል። የባሌን ዕድሜ የበላው ነገር ትልቅ አውሬ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት በርሜል ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም ያክላል። ተማሪዎቹ ከበውት ቆመዋል። እሷ በእጇ እያመለከተች ታስረዳለች፦

"ከፊት እንደ ቬንትሌተር የምታዩት ፋን ይባላል። አየሩን የሚስበው እሱ ነው። ከሚስበው አየር ከፊሉ ወደ መሐል ይገባል፤ እዚያ ይታመቃል፣ ከነዳጅ ጋር ይነድዳል፣ ሲወጣ ተርባይኑን ያሽከረክራል። ተርባይኑ ደግሞ በዘንግ መልሶ ፋኑን ያዞራል። የቀረው አየር እሳት ውስጥ አይገባም፤ በዳር በዳሩ አልፎ በኋላ ይወጣል። እሱም አውሮፕላኑን ይገፋል። ተርቦፋን ያሰኘው ይሄ ነው።"

ከዚያ ወደ ባሌ አገጯን ቀና አደረገች። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ፦

"የተማሪ ሞተር ታጋሽ ነው መሆን ያለበት። ተማሪ አብራሪ እጁ አይረጋም። ነዳጁን ባንዴ ይሰጣል፣ ባንዴ ይነሣዋል። ሞተሩ ይሄን ሁሉ ሳይታነቅ መቻል አለበት። መሣሪያ ጭነህ ለውጊያ አስነሣው ስትለው ደግሞ ያው ታጋሹ ሞተር ጉልበት መስጠት አለበት። ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት ነው ጭንቁ።"

ቤታችን ውስጥ ይሄን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ሲናገር የሰማሁት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

ሥራ ሲጀመር ባሰብኝ። የብረት መቁረጫው ሲጮህ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው ሰውን አይሰማም። እነሱ ግን ያወራሉ። እሷ ጣቷን ወደ ላይ ታሽከረክራለች፤ እሱ ማሽኑን ያስነሣል። እሷ መዳፏን ትዘረጋለች፤ እሱ ይቆማል። እሱ የፋኗን ምላጭ ጠርዝ ዓይኑን ጨፍኖ በጥፍሩ ሲዳስስ እሷ ፊቱን ታያለች፤ ቅንድቧን ታነሳለች፤ ራሱን ይነቀንቃል። ብሌድ ማለት ያቺ ምላጭ ኖራለች። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በቃል ያላገኘሁትን ሰው እሷ በጣት ታገኘዋለች። አንዴ ከኋላው ሆኜ "ውሃ ላምጣልህ?" አልኩት። አልዞረም። እሷ ከፊቱ ሆና እጇን እንደ ኩባያ አፏ ላይ ስታደርግ ዞር ብሎ ውሃውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ጨርቅ ገበያ ሄድኩ። የማያስፈልገኝን ከፋይ ገዛሁና ብቻዬን መርሳ ገባሁ።

ጫማ ሻጯ ጎረቤቴ "ቤትሽ ጥሪያት" አለችኝ። "ቤቱንና ሚስቱን ትይ። ከዚያ ታፍራለች።" እኔም ጠራኋት። የሚመቻት ቀን ረቡዕ ሆነ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ላሸንፋት አስቤ ነበር፤ ጾሙ ከለከለኝ። በሽሮና በሱፍ ፍትፍት ሴት ማሸነፍ ከባድ ነው።

ምሳ ቀረበ። ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ እየዘፈነ ነው። ባሌ በቴሌቪዥኑና በእኔ መካከል ተቀምጧል። እኔ ቤቱን እንዴት እንደሠራን፣ እናቴን እንዴት እንዳስታመምኩ፣ ልጆቹን እንዴት ለብቻዬ እንዳሳደግኩ እነግራታለሁ፤ እሱ የሌለበትን ዘመን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ "አንተ ያኔ ክረምቱን ሙሉ ሳትመጣ ቀርተህ እናቴ ማረፏን የሰማኸው ከቀብር በኋላ አይደለም?" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለ፣ ፈገግ ብሎ።

እሷ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጇን አንስታ እንደ ቢላ አንገቷ ላይ አሳለፈችው።

አየኋት። በገዛ ማዕዴ ላይ፣ አንገቷን ቆርጣ፣ ዝም አሰኛት ብላ አዘዘችው። ባሌም ታዞ ብድግ አለ። ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አልቆየሁም፤ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

ሳህኖቹን ይዛ ተከተለችኝ።

"እትዬ፣ አስቀየምኩዎት?"

"ባሌን ምን አድርገሽው ነው?" አልኳት። "በቤቴ፣ በምሳዬ ላይ፣ እኔን ዝም እንዲያሰኝ በእጅሽ ታዢዋለሽ?"

ሳህኖቹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "ዝም እንዲያሰኝ? ኧረ በሥላሴ! ያ እኮ 'አጥፋ' ማለት ነው። ሞተር ስናስነሣ መነጋገሪያችን ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፋ ነው ያልኩት። እርስዎን እንዲሰማዎት ብዬ።"

ጆሮዬን አዞርኩ። እውነትም ዘፈኑ ቆሟል።

"ለምንድን ነው የማይሰማኝ?"

ሳህኖቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"አልነገረዎትም?"

"ምኑን?"

"ጆሮውን። ቆየ እኮ እትዬ። ቀጭን ድምፅ አይሰማም። አጠገቡ ሌላ ድምፅ ካለ ደግሞ ጭራሽ። ስልክ ላይ ስጮህ ጎረቤቶቼ ሰው የምሳደብ ይመስላቸዋል። ከንፈር ያያል፤ ካልገባው 'ጥሩ ነው' ይላል። እኛ ጋም እንደዚያ ነበር።"

ሰው እዚህ ላይ ቅናትሽ ወጣልሽ ይለኝ ይሆናል። ያን ቀን ግን የባሰ ነው የተሰማኝ። ከዚያ በፊት የምቀናው በሌለ ነገር ነበር፤ አሁን ያለ ነገር አገኘሁ።

"ነገረሽ ማለት ነው" አልኳት።

"አልነገረኝም" አለች። "አየሁት እንጂ። ሲጠሩት የማይዞር ሲሆን አየሁ።"

ይሄኛው ደግሞ ከሁሉ በለጠ። ቢነግራት ኖሮ እሱን እቆጣ ነበር። አብራው የዋለች ሴት ዝም ብላ አይታ አወቀች፤ እኔ አንድ አልጋ ላይ እያደርኩ የናቀኝ ነው የመሰለኝ። ሽንኩርት ሳልልጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷም መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገች። አልተቃቀፍንም። ሱፍ ፍትፍቱን ግን በሳህን ጨመርኩላት።

በማግሥቱ ስፌት ቤቱን ሳልከፍት ቀረሁ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፤ ወንበሬን ስቤ ከባሌ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከንፈሬን ሲያይ አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ አፌን የሚያየው ንግግሬ ሰልችቶት መቼ እንደምጨርስ ሊያውቅ ይመስለኝ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ጆሮህ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ነገረችሽ?"

"አንተ ስላልነገርከኝ።"

እጆቹን አያቸው፣ አገላበጣቸው። "ሞተር ሲነሣ ጆሮ ላይ የሚደረግ መከላከያ አለ" አለ። "እኔ ግን ገለጥ አድርጌ ማዳመጥ እወድ ነበር። የሞተር ሕመም ቀድሞ የሚታወቀው በድምፁ ነው ብዬ። አታድርግ ይሉኛል፤ እምቢ እላለሁ። እሷም ስንቴ ተቆጥታኛለች። መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት መጣ። ከዚያ የወፍ ድምፅ ሄደ።"

"ከዚያ የእኔ።"

"የአንቺ ድምፅ ቀጭን ነው" አለ፣ እንደሚያዝን።

"ለሞተሩ ጆሮህን ሰጠኸው፣ ለእኔ 'ጥሩ ነው' ተረፈኝ።"

"ደንቆሮ ባል አለኝ ብለሽ እንዳታፍሪብኝ ነው።"

"ባሌ ናቀኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ ታውቃለህ? ከዚያ ደንቆሮው ይሻለኝ ነበር!" ጮህኩ። መርሳ የሰማኝ ይመስለኛል። እሱም ሰማ።

ደሴ የጆሮ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሷ ሐኪም አውቃለሁ ብላ ነበር፤ አመስግኜ እምቢ አልኳት። ይሄን እንኳ ለእኔ ተይልኝ አልኩ በልቤ። ሐኪሙ ማዳመጫ አጠለቀለትና "ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ" አለው። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ከማዳመጫው የምታፈተልከውን ቀጭን ድምፅ እኔ ጥግ ተቀምጬ እሰማታለሁ። የባሌ እጅ ጉልበቱ ላይ ነው። ድምፅዋ እንደገና መጣች። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ የራሴን እጅ ላነሳለት ከጀለኝ።

የማዳመጫ መሣሪያ ታዘዘለት። ሌላ ቀን ተመልሰን ሄደን ከጆሮው ኋላ ተገጠመለት፤ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ሐኪሙ አስተካክሎ ሲጨርስ ባሌ ወደ እኔ ዞረ።

"በይ፣ ተናገሪ" አለኝ።

ስንት የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ! ስንት ወቀሳ፣ ስንት ወሬ፣ ስንት ዓመት። አፌን ከፍቼ የወጣልኝ፣ "ምሳ እንብላ" የሚል ነው።

"ድምፅሽ ተለውጧል" አለኝ።

"አርጅቻለሁ" አልኩት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። የሳህኑ ኳኳታ፣ የወንበሩ ጩኸት፣ ሁሉም ባንዴ ገባበትና ጆሮውን ያዘ። ምግባችንን በረንዳው ላይ አስወጣን። እዚያ ትንሽ ረጋ አለና ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፊርማ ደህና ነው ብሎ ስላስነሣው ሞተር ነገረኝ። ተማሪው አብራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሚበርበት ቀን ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሣ ባሌ ሜዳው ዳር ቆሞ ድምፁን በጆሮው ተከተለው፤ ከተራራው ኋላ ሲጠፋበት ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ እጁ ተንቀጠቀጠ። ሲያርፍ ልጁ ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘለት። ባሌ ሊያወዛውዝለት ፈልጎ ክንዱ አልታዘዝ አለው።

ይሄን ሁሉ ሲነግረኝ ዓይኑ በርቷል። እኔ እንደዚያ ፈርቶ እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር።

"ይሄን ለእሷ ነግረሃታል?" አልኩት።

"እሷማ አጠገቤ ቆማ ነበር" አለ። "እጄን አጥብቃ የያዘችኝ እሷ ናት።"

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። የሚያልፈውን ባጃጅ፣ የሚያልፈውን ሰው አየሁ። ባሌ ፊቴን አይቶ ወሬውን አቋረጠ።

"ምነው?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። "ቀጥል።"